ስድስተኛው መስኮት

«አሽቀሎን ላይ እንጨት? ጨው ነው የሚበላው፣
ክረምት የሚያሳብጠው፣ በጋ የሚያላላው፤
ይኼኛውን እዩ፦ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡና ዓይነት፣
አይነቅዝ፣ አያቃጭል፣ አይፈልግም ዘይት»
ብሎን ሄደ ሻጩ፣ ካታሎጉን ትቶ።
ባሌ ተገኘ ቀረ፣ ስልኩን አውጥቶ፣
ሲደምር፣ ሲቀንስ፣ ሲያካፍል በወር፣
ሼቅል በሼቅል ላይ፣ ብድር በብድር።

«ለምን እንጨት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።
ናፍቆት ነው እንዳልል፣ ናፍቆት አይደለም፤
የተወለድኩበት ቤት መስኮት አያውቅም፤
በር ነበረው ብቻ፤ ብርሃን አጎንብሶ
እንደ እንግዳ ገብቶ የሚወጣ መልሶ።

መስኮት ያየሁት በሰባት ዓመቴ፣
ካራቫን ውስጥ ነው፣ ከእናት ከአባቴ፤
ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚያፏጭ ቆርቆሮ፣
በሐምሌ የሚፋጅ፣ በጥር ላብ ቋጥሮ።
እዚያ ላብ ላይ ነበር አሌፍን የጻፍኳት፣
ጣቴን ሳላነሣ ስትፈስስ ያየኋት።
ይኼን ለተገኘ እንዴት ላስረዳው?
«እንጃ» አልኩት ብቻ፣ «እጄ ነው የወደደው።»

የነሲም መጋዘን፣ ከጋራዦች ኋላ፣
ሰጋቱራ ለብሷል፣ ከወለል እስከ ባላ፤
በነሲም ቅንድብ ላይ ብናኝ አርፎበታል፤
«ዋጋ ኋላ» ይላል፣ «ንኪው፤ እንጨት በእጅ ይነበባል።»
ጥድ አመጣ፣ ለስላሳ፣ ሙጫው የሚሸት፤
ኦክ አመጣ፣ ከባድ፣ እንደ ሽማግሌ ፊት፤
«ተቆረጠ እንጂ አልሞተም፤ ይተነፍሳል፤
የጥፍር ያህል ክፍተት ተዪለት፤ ይበቃዋል።»

አባቴ ባይህ አብሮን ነበረ፣ ዝም ብሎ፣
ከዘራውን በክንዱ አንጠልጥሎ።
ወለቃ ላይ ወናፍ ሲያናፋ የኖረ፣
የአገሩን ማረሻ ያቀና፣ ያሳመረ፤
ቀን «እጅህ ይባረክ»፣ ማረሻው ሲሳል፤
ማታ «ቡዳ መጣ»፣ በር ይቀረቀራል።
«ብረት ምረጪ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣
ኦኩን በአውራ ጣቱ ደባብሶ ሲስቅ፣
«ብረት» አለ፣ «ልጄ፣ እሳት ካልነካው አይሰማም፤
ይኼ ግን…» ቀሪውን አልተናገረም።
አማርኛ የማያውቀው ነሲም ራሱን ነቀነቀ፤
ተገኘ በበኩሉ ዋጋውን ጠየቀ።

ጥዱን ወሰድን። ኦኩ ካቅማችን በላይ ነበር።

አምስቱ ጥድ ሆኑ፤ ስድስተኛው ለብቻው፤
የመጠለያው ክፍል፣ የማማዱ፣ ሕግ ነው የመረጠው፤
ብረት ነው፣ ወፍራም፣ በክሬን የወጣ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ከፋብሪካ የመጣ።
አባቴ ተጠጋ፤ በጣቱ አንጓ መታው፤
ጆሮውን ጥሎ እንደ ሐኪም አዳመጠው፤
«የቸኮለ ሰው ነው» አለ፣ «የቀጠቀጠው።»
ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣
ዝገቱን ይፍቃል፤ አይረካም ማጠፊያውን ዘይት ሳይቀባ።

በታኅሣሥ፣ አንድ ሌሊት፣ ሳይረኑ ጮኸ።
ሠላሳ ሰከንድ ነው። ልጆቹን አፋፍሰን፣
ብረቱን ጎትተን፣ በጨለማ ተቃቅፈን…
«አልተንቀጫቀጨም» አለ አባቴ፣ ስለ ማጠፊያው፤
ስለ ፍንዳታው ግን አንድ ቃል አልወጣው።

ሲያበቃ ወጣሁ፤ ሳሎኑ ታፍኗል፤
መስኮቱን ገፋሁት፤ ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤
ሻጩ እንዳለው ሆነ፤ እምቢ አለ፣ ተጣበቀ፤
በትከሻዬ ብለው፣ አጉረምርሞ ለቀቀ።
የባሕር ሽታ ገባ፣ የጭስም፣ የሙጫም፤
ማዶ አንድ ውሻ ይጮሃል፤ ዝም አላለም ገናም።
ነፋስ እንዳይዘጋው የምወሽቀው ባጣ፣
ያ ካታሎግ ታጥፎ ከመሳቢያው ወጣ፤
ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡና ዓይነት፤
እስኪነጋ ያዘው። ከፋሲካ በፊት
ዘይት ያሻዋል፤ ሁለት እጅ፣ ይላል ነሲም።
ተገኘ ይደምራል። እኔ አለሁ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ እስካሁንም።